ከመቃብር ያወጣሁት ሲዲ

መጻፍ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ስለዚህ አሳምሬ አልጽፍም፤ የሆነውን ግን እጽፋለሁ።

ቡሬ ላይ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። ማንበብ ሳልችል ሲዲ እሸጥ ነበር። ሁሉንም በምልክት አውቀዋለሁ፤ አንዱ ጥግ ላይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለ፣ ሌላው ላይ ቀይ ክር ታስሯል፣ ሌላው ከመደርደሪያው ቦታውን አይለቅም። ደንበኛ «እስቲ አምስተኛው ዘፈን ምን ይላል?» ካለኝ «መነጽሬን ረስቼ ነው» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ማጫወቻዬ ባለ ሁለት ሣጥን ነበር። አንድ ሆቴል ሲዘጋ ነው የገዛሁት። አንደኛው ሣጥን ሥራው ሲዲውን ማዞርና ማንበብ ብቻ ነው። ያነበበውን በሽቦ ለሁለተኛው ይሰጣል፤ ድምፅ የሚያደርገው ሁለተኛው ነው። ክብደቱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው። በሱ ሲጫወት ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ ሳይቀር ይሰማል።

ከዚያ ሁሉ ሲዲ አንዱ አይሸጥም። ታላቅ እህቴ ያለችበት ነው። እህቴ ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ ከጅጋ እስከ ፍኖተ ሰላም ሰው ሲሞት እሷ ትጠራለች። አንድ የእህል ነጋዴ ሲቀበር ቪዲዮ ቀራጭ መጥቶ ነበርና ድምፁን ለብቻው በሲዲ አድርጎ ሰጠኝ። ከዚያ ሌላ ድምፅዋ የትም አልተቀዳም። በሁለተኛው ዓመት እሷ ራሷ ሞተች። የአገሩን ለቅሶ ሁሉ ስትመራ ኖራ ለሷ ሙሾ የሚያወርድ ጠፋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዝም ብለን ጅጋ ላይ ቀበርናት።

ከዚያ በኋላ ሲዲውን ሱቅ ውስጥ ዝቅ አድርጌ እሰማ ጀመር። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ እናቴ ጓዳ ናት። አንድ ቀን ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም።»

«የሞተ በሌለበት ቤት ሙሾ? ሞት መንገዱ ጠፍቶት ነው የምትጠራው? አንድ ልጅ ነው የቀረኝ። አውጣልኝ ከቤቴ።»

ነገሩን ለመምህሩ አጫወትኩት። ከወሎ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ዘፈን ይወዳል። ሰው ሁሉ ሚሞሪ ካርድ ይዞ ዘፈን ማስጫን ሲጀምር ኮምፒውተር ያስገዛኝ እሱ ነው።

«ኮምፒውተሩ ላይ እገለብጥልሃለሁ» አለኝ። «እናትህም አያውቁ።»

«ድምፁ ያው ነው መምህር?»

«ሲዲው ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ እዚህም የሚገባው ያው ቁጥር ነው። ያንተ ሣጥን ምንም አይጨምርም። አንተ የምትወደው ክብደቱን ነው፣ እህል ገዢ ይመስል።»

«እንግዲህ እርስዎ ካሉ።»

ገለበጠልኝ። ሰማሁት፤ እውነቱን ለመናገር ልዩነት አላገኘሁም። ያናደደኝም ይኸው ነው። ሲዲው ግን ከቤት መውጣት ነበረበት። መስበር አቃተኝ። የሙሾ ቦታው መቃብር ነው ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ ጅጋ ሄድኩና ከእህቴ ራስጌ ድንጋይ ሥር ቀበርኩት። እናቴ «አሁን ደግ አደረግህ» አለች።

ኮምፒውተሩን እንደ መደርደሪያው በቦታ ያዝኩት። የእህቴ ፎልደር ከላይ አራተኛው ነው፤ የማይፈለጉት አሮጌ ዘፈኖች አምስተኛው። ማንበብ አልችልም እንጂ መቁጠር እችላለሁ። መደርደሪያ ላይ ያኖሩት ዕቃ ካልነኩት ካለበት አይሄድም። ኮምፒውተር ግን አዲስ ነገር በገባ ቁጥር በፊደል ተራ ይሸጋሸጋል። ይህን ማን ነገረኝ? ለጥር ሰርግ አዳዲስ ጭፈራ በአንድ ፎልደር አስገባሁ፤ ቦታ ሲጠበኝ አምስተኛውን አጠፋሁ። የጠፋው የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ባዶ አደረግሁ፤ መምህሩ ቆሻሻ አታከማች ብሎኛል።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ ዘፈን ዘጋሁ። በእህቴ ሙት ዓመት ዕለት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ አራተኛውን ከፈትኩ። እልልታና የሰርግ ጭፈራ ወጣ።

መምህሩን አስጠራሁት። እስኪመሽ ፈለገ።

«የለም» አለ። «ቦታው ላይ ሌላ ዘፈን ተጭኖበታል።»

«ቁጥር ነው ብለውኝ ነበር።»

ከላይ አራተኛው ነበር ብዬ በጣቴ ቆጠርኩለት። ጣቴን አየና፣ «ማንበብ እንደማትችል ለምን አልነገርከኝም?» አለ።

«ለምን አልጠየቁኝም?»

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። እኔም አልጠራሁትም።

ሲዲው ላይ ክረምት አልፎበት ነበር። ጅጋ ሄጄ ድንጋዩን ሳነሣ ፌስታሉ ተቀዷል። ብርማው ልባስ ከዳር ዳር ተላጦ እንደ ዓሣ ቅርፊት እጄ ላይ ቀረ፤ መሀሉ ብቻ ያበራል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ስከተው አንዴ አጉረመረመና ተፋው። ሣጥኔ ግን ያዘው። አዞረ፣ ቆመ፣ ደግሞ አዞረ። በሬ የጠፋበት ሰው ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እንደሚፈልግ ፈለገ።

ሲዲ የሚነበበው ከመሀል ወደ ዳር ነው። ስለዚህ የተረፈው መጀመሪያው ነው፤ ሙሾው አይደለም። አውራጅዋ ከመጀመሯ በፊት የሟቹን ዘመዶች ስም ትጠይቃለች፤ በየስማቸው እየጠራች እንድታስለቅስ። ሴቶች ይንሾካሾካሉ፣ አንዷ ታስላለች፣ ከዚያ የእህቴ ድምፅ ከጆሮዬ ሥር፦

«እንግዲህ ማን ማን ቀረው?»

ከዚያ ወዲያ የለም። ሣጥኑ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። «እንግዲህ ማን ማን ቀረው?»

በዚያው ዓመት ከጎልማሶች ጋር ትምህርት ገባሁ። ፊደል ስለይ መጀመሪያ ያነበብኩት የኮምፒውተሩን ዝርዝር ነው፤ ከላይ እስከ ታች፣ በጣቴ እየተከተልኩ። የለችም። ኮምፒውተሩን ሸጥኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲዲውን ከፍቼ ሳለ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ልዘጋው ስነሣ በእጇ ከለከለችኝ። እህቴ ጠየቀች። ሣጥኑ ፈልጎ አጣና ተመለሰ። ሁለተኛ ጠየቀች።

«መልስላት እንጂ» አለች እናቴ። «ሰው ሲጠይቅ ዝም ይባላል?»

ከተነሣሁበት ሳልቀመጥ ቆምኩ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሣጥኑ ጎን ተቀመጠች።

«እኔ አለሁ ልጄ» አለች። «ወንድምሽም አለ፤ ይኸው ተገትሯል። ሌላ የለንም።»

ሣጥኑ ትንሽ ፈለገ። ከዚያ እህቴ ደግማ ጠየቀች።