በቀይ ክር የተሰፋው ነጭ አበባ

የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ ሁሉም «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ቅጥነታቸው አንድ ነገር ሆኖ ምላሳቸውም ይወጋል። ለልኬት የመጣችውን ሴት «ሆድሽን አትሳቢ፣ ልብሱ ሲያልቅ ተመልሶ ይመጣል» ይሏታል። እኔ ከጎናቸው ባለችው ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ቀን ቀን ደግሞ እሳቸው ዘንድ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እቀመቅማለሁ።

ከሃያ ዓመት በፊት ክሩ ከመርፌው ቀዳዳ አልገባ እያለ ሲያስቸግራቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ መነጽር አዘዘላቸውና «ዓይንዎ ሁልጊዜ ቅርብ ቅርቡን ነው የሚያየው፤ በሳምንት አንድ ቀን ሩቅ ነገር ያሳዩት» አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን መነጽሩን ወስዶ ምክሩን ይረሳ ነበር። እሳቸው ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሜዳው በአበባ ሲሞላ፣ በየእሁዱ ሱቃቸውን ዘግተው ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ወንዝ መውረድ ጀመሩ። ሜትራቸው እዚያም ከአንገታቸው አይወርድም፤ የአበባውን ቁመት ይለኩበታል። ከየዓይነቱ አንድ ብቻ ቀጥፈው የደንበኛ ልክ በሚጽፉበት አሮጌ ደብተር ላይ በክር ይሰፉታል። አንዱ ገጽ «ወገብ ሰማንያ ሁለት፣ ዳሌ መቶ ስድስት» ይላል፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ቢጫ አበባ ደርቆ ተቀምጧል።

ልጄ ሚጢጢ አራት ዓመት ሲሞላት እኛም አብረናቸው መውረድ ጀመርን። ጎጆዋን በሣር የምትሠራ ወፍ ሲያዩ «አየሻት? ያለ መቀስ፣ ያለ መኪና! እኔን ከሥራ ልታስወጣኝ ነው» ይሏታል። እስስት ካገኘን ቀለሟን እስክትቀይር ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ጡሩምባ የመሰለች ትንሽ ቀይ አበባም አለች፤ ከሥሯ ሲመጥጧት ማር ማር ትላለች። እሱንም አስተማሯት። እኔም ልጅ ሆኜ መጥጫለሁና አልከለከልኩም።

ያ ነገር የደረሰው አምና፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔና እትዬ መርፌ ውሃው ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ይዛ ዓሣ የምትጠብቅ ሰማያዊ ወፍ እያየን ነበር። «ዞር እንዳትዪ፣ ትበራለች» አሉኝ። ሚጢጢ ከኋላችን፣ ከተሰባበረው ጡብ ክምር አጠገብ ለብቻዋ ታወራለች። ድምጿን ስለምሰማ ዞር አላልኩም። ወፏ ዓሣ ይዛ ስትነሳ እንደ ሕፃን አጨበጨብን።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሳናጋምስ ልጄ «ውሃ» አለችኝ። ሰጠኋት። ደግማ ጠየቀችኝ። ፊቷ ፍም መስሏል። ግንባሯን ብነካው ይፋጃል፤ ላብ ግን ጠብታ የለም። ከዚያ ከአየር ላይ የሆነ ነገር ትለቅም ጀመር። «ቢራቢሮ» ትላለች። ምንም ቢራቢሮ አልነበረም። ዓይኗን አየሁት። ብሌኑ ሰፍቶ ሰፍቶ ጥቁር ብቻ ሆኗል።

«እትዬ! ልጄን!»

ዓይኗን አንድ ጊዜ አዩና የጨበጠችውን እጇን ፈለቀቁት። ውስጡ የተጨማደደ ነጭ አበባ አለ፤ ረዥም ጡሩምባ።

«አስተናግር ነው፣ መርዛሙ» አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አልመሰለኝም። «መጠጥሽው፣ ሚጢጢ?»

«ትልቁ ማር ነው» አለች እየሳቀች። ፊቷን ወደኔ አዙራለች፤ የምታየው ግን እኔን አልነበረም።

አዝያት ሮጥኩ። እሳቸውም በስድሳ ሁለት ዓመታቸው አበባውን በመሐረብ ጠቅልለው ከኋላዬ ሮጡ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ «ምን በላች?» አለች። እትዬ መርፌ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። «ይኼን ነው የመጠጠችው። አንድ ሰዓት ቢሆናት ነው። ስንት እንደመጠጠች አላውቅም።»

ሐኪሙ አበባውን አየና ጥያቄ አላበዛም። «ይዛችሁት መምጣታችሁ በጀ» አለ። «ትተርፋለች?» ስለው ግን «እናያለን» ብሎ በሩን ዘጋው። ከዚህ የከፋ ቃል በዕድሜዬ አልሰማሁም።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀመጥን። ልጄ ከማይታዩ ሰዎች ጋር ስታወራ ይሰማኛል። ስትለፈልፍ እፈራለሁ፤ ዝም ስትል ደግሞ ይብስብኛል። እትዬ መርፌ ሜትራቸውን ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ፣ ይፈታሉ።

«ደብተሬ ውስጥ የለም» አሉ ድንገት።

«ምኑ?»

«አስተናግሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ልጅ ያላየውን አይነካም ብዬ ክፉ ክፉዎቹን ሳልሰፋቸው ቀረሁ። የሚጣፍጠውን ብቻ አሳየኋት። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«አልሞተችም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ጮሄባቸው አላውቅም ነበር። ወዲያው እጃቸውን ያዝኩ፤ ባልይዘው ራሴ እወድቅ ነበር። «እኔስ ለወፍ ብዬ ልጄን ጀርባ ሰጥቼ የለ?»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሚጢጢ አወቀችኝ። «እማዬ፣ እርቦኛል» አለች። አቅፌያት አለቀስኩ።

ልጄ ድና ሥራ ስገባ ደብተሩን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር የሚጣለው ከረጢት ውስጥ አገኘሁት። አወጣሁት።

«ተይው» አሉኝ። «ሁለተኛ ወንዝ አልወርድም።»

«እኛ ብንቀር ወንዙ የትም አይሄድም። አበባውም በየዓመቱ ይበቅላል፤ ሚጢጢም እግር አላት። ሳታውቀው ከምታገኘው አውቃው ብትሸሸው ይሻላል።»

«አንቺ ልብ አለሽ።»

«ስለሌለኝ እኮ ነው፣ እትዬ።»

በሚቀጥለው እሁድ ሁለታችን ብቻ ወርደን አንዱን በጨርቅ ይዘን አመጣን። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ዙሪያውን በቀይ ክር ሰፉትና በላስቲክ ሸፈኑት። ከዚያ በፊት ያለፏቸውን ሌሎቹንም ክፉዎች አንድ በአንድ ጨመሩ።

ዘንድሮም ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ መውረድ ጀምረናል። እትዬ መርፌ ገጹን ይገልጡና «ይኼስ?» ይሏታል። «ቀይ ክር!» ትላለች። «ደብተሩ ውስጥ የሌለውስ?» ሲሏት ሁለት እጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች። ወፍ የምናየውም በተራ ሆኗል፤ አንዳችን ወፏን፣ አንዳችን ልጅቷን።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። «እማዬ፣ ውሃ» ባለችኝ ቁጥር ፊቷን ወደ ብርሃን አዙሬ ዓይኗን አያለሁ። ከዚያ ነው ውሃውን የምሰጣት።