ባስቦርት

በጃንሆይ ጊዜ፣ አሰላ አብረን የምናስተምር ሦስት ጓደኛሞች ለሥልጠና ሊባኖስ ተላክን። እኔ ቤታችን በኦሮምኛ ያደግሁ ነኝና «ፐ» አፌ ላይ ስትደርስ «በ» ትሆናለች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ «ባስቦርቴን ማን ያዘው?» ብል፣ የአዲስ አበባው ጓደኛችን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስሜን ትቶ «ባስቦርት» አለኝ፤ ምግብ ቤትም፣ ክፍልም፣ ሴቶች ፊትም። አብሬው እየሳቅሁ ቂሜን ቋጠርኩ።

አንድ እሑድ ከመሬት በታች ያለ ትልቅ ዋሻ ልናይ ወረድን። አስጎብኚው የዋሻውን ጨለማ እንድናየው ብሎ መብራቱን ድርግም አድርጎ አጠፋው። ያ ሳቂታ ጨለማ እንደሚፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው። አባቴ ባወጣልኝ ስም እየደጋገመ ጠራኝ።

«የት ነህ? እጄን ያዘኝ!»

አጠገቡ ነበርኩ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«እሱ አሰላ ቀርቷል» አልኩት። «እዚህ ያለው ባስቦርት ነው።»

«ባስቦርት፣ በእናትህ!»

ዋሻው ተቀብሎ «ቦርት፣ ቦርት» አለ። እጄን ግን አልሰጠሁትም። መብራቱ በርቶ፣ መሬት ላይ ኩርምት ማለቱን ሰው ሁሉ እስኪያየው ጠበቅሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።