በቤቴ ውስጥ ያልተማርኩት ቋንቋ

ወደ ሰቆጣ የመጣሁት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣሁበት ዓመት ነው። የምደባ ዕጣ ስናወጣ ዋግ የደረሰን ሦስት ነበርን። አንዱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ አለቀሰ፤ ሌላው የሚቀይረው ሰው ፍለጋ ሮጠ። እኔ ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ስለ ዋግ የማውቀው ድርቅ መኖሩን ብቻ ነበር። ከወልዲያ ተነስቼ በኮረም በኩል፣ በጭነት መኪና ላይ ሁለት ቀን ተጉዤ ስደርስ ጸጉሬም ልብሴም የአቧራው መልክ ነበረው።

የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ሰቆጣ ዙሪያ ውስጥ፣ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። የማስተምረው አማርኛ ነበር። ክፍል ስገባ ልጆቹ ይነሳሉ፤ "ተቀመጡ" ስላቸው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የምለውን ሁሉ በዝምታ ያዳምጡኛል። ጨዋነት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። እረፍት ሲወጡ ግን ሳቁም ክርክሩም ስድቡም በኽምጥኛ ነው፤ የዋግ አገው በሚናገረው ቋንቋ። ያኔ ነው ክፍል ውስጥ ከምናገረው ግማሹ እንኳ እንደማይገባቸው የተረዳሁት።

እኔ ተማሪ ሳለሁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ ቁራጭ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። እኔም ያንኑ አደረግኩ። እንጨት አስጠረብኩ፣ በሲባጎ አሰርኩና ኽምጥኛ በተናገረ ልጅ አንገት ላይ ማንጠልጠል ጀመርኩ።

በዚያው ዓመት ደግሞ አንደኛ ክፍል በልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ መማር ተጀምሮ ነበር። የምታስተምራቸው በጽጽቃ መንገድ ካለ መንደር የመጣች ወጣት መምህርት ናት። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት እንጨቱን ከአንድ ልጅ አንገት አውልቃ ይዛው መጣች።

"መምህር፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ለቅጣት ነው። አማርኛ እንዲለምዱ ብዬ ነው።"

"ጥሩ። ታዲያ እርስዎ የእኛን እስኪለምዱ ድረስ አንገትዎ ላይ ምን እንስቀልልዎ?"

መምህራኑ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። የሻይ ውሃ ወደተጣደበት እሳት ሄደች፣ እንጨቱን ጨመረችውና ተመልሳ ክፍሏ ገባች። ተናደድኩ፤ ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም። በሁለተኛው ዓመት ተጋባን።

ከሠርጉ በኋላ ሁለታችንም ወደ ከተማው ተዛወርን። አማቴ በገበያ ቀን ከመንደራቸው በእግራቸው ይመጡና አንድ ሁለት ቀን ይሰነብቱ ነበር። አማርኛቸው አምስት ቃል ቢሆን ነው። ፊቴን እያዩ ረጅም ነገር ይናገራሉ፤ ሚስቴ ዞር ትልና "ደህና ነህ ወይ ይሉሃል" ትለኛለች።

"ይኼን ሁሉ ተናግረው?"

"ቋንቋችን ረጅም ነው" ትላለች እየሳቀች።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዘመን ለመማር አስቤ ነበር። አንድ ሁለት ቃል ጽፌም ይዣለሁ። ነገር ግን አስተርጓሚ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ምን ያስቸኩለዋል? ነገ እያልኩ አሥር ዓመት ሄደ።

ሁለት ሺህ ሲገባ ሰቆጣ ሌላ ከተማ መሰለች። ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ ሰው ሰውን ለማግኘት በእግሩ ይሄድ ነበር። አሁን ሞባይል መጣ፣ በየጣሪያው ላይ ዲሽ ተተከለ፣ ወጣቱ ስለ ባሕር ዳርና ስለ አዲስ አበባ ማውራት ጀመረ። ያ የአሥርት ዓመት መጀመሪያ ሰዉን ሁሉ ወደ ሩቅ የሚያይ አደረገው፤ እኔንም ጭምር። ልጃችን አንደኛ ክፍል የምትገባው በዚያ ሰሞን ነበር። በአማርኛ ይሁን በኽምጥኛ መምረጥ ነበረብን።

"በአማርኛ ትማር" አልኩ። "ሩቅ እንድትደርስ።"

ሚስቴ በየቀኑ የሌላ ሰው ልጆችን በኽምጥኛ ፊደል የምታስቆጥር መምህርት ናት። ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ዘጋችው። "እንዳልክ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጃችን ጋር በአማርኛ ብቻ ማውራት ጀመረች። እኔ ደግሞ ነገሩ በስምምነት ያለቀ መስሎኝ አረፍኩ።

አማቴም ሞባይል ተገዛላቸው። እንደ ድሮው በገበያ ቀን መምጣታቸውን እየቀነሱ ሄዱ፤ ድምፃቸው ግን በየምሽቱ ይመጣል። ከመንደራቸው ኔትዎርኩ ደካማ ስለነበረ ሚስቴ እየጮኸች ታወራቸዋለች። አንድ ቀን ዜና እየሰማሁ ሳለ "እባክሽ ውጭ ሆነሽ አውሪ፣ አልሰማም እኮ" አልኳት። ክፉ አስቤ አልነበረም። ተነስታ ወጣች፤ ግቢው ውስጥ፣ ወይራው ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ ስልኩ ሲጠራ ሳልነግራት ወጣች። ከዚያ ወዲያ እናቷን የምታናግረው እዚያ ሆና ነው፤ በክረምትም ነጠላዋን ተከናንባ። እኔም ከመልመዴ የተነሳ አላየኋትም።

የሚቀጥለው አሥርት ዓመት ሲጀምር ልጃችን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገባች። ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ ነበር። ወደ ሩቅ ሲያይ የነበረው ወጣት ወደ ራሱ መመልከት ጀመረ፤ በኽምጥኛ መዝፈን፣ በኽምጥኛ በስልክ መጻጻፍ፣ ደረቱ ላይ በኽምጥኛ የተጻፈበት ካናቴራ መልበስ ኩራት ሆነ። እኔ አንገት ላይ እንጨት ያንጠለጠልኩበት ቋንቋ ማለት ነው። ልጄ ገና በመጀመሪያው ወር ደወለችልኝ።

"አባዬ፣ ዶርም ውስጥ የዋግ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ 'እስቲ በቋንቋችሁ አንድ ነገር ተናገሪ' አሉኝ።"

"ታዲያ?"

"ምን እላለሁ? ሲናገሩ ትንሽ ይገባኛል፤ አፌ ግን አይፈታም። እዚያው ተወልጄ እንደ እንግዳ ቆምኩ።"

ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ።

ሚስቴ የታመመችው ልጃችን ዩኒቨርሲቲ በገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። ሕመሟ ረጅም አልነበረም፤ ሰባት ሳምንት። የሚወደውን መጽሐፍ እንደጨረሰ ሰው ተረጋግታ አረፈች። የቀብሯ ዕለት ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሎ አልቃሾች ከመንደሯ መጡ። አማቴ መሐል ቆመው፣ አንድ እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ማንጎራጎር ሲጀምሩ ሴቱም ወንዱም አነባ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እንደ ልጅ አለቀሱ። የማይገባው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለ ሚስቴ ነው የሚባለው፤ ሃያ ዓመት ያህል አብሬያት የኖርኩት ሴት ናት፤ ግን ምን እየተባለላት እንደሆነ አላውቅም። አጠገቤ የተቀመጠውን ጎረቤት "ምን ይላሉ?" ብዬ በጆሮው ጠየቅኩት።

ዓይኑን ጠርጎ ትንሽ አሰበ። "ደግ ነበረች ነው የሚሉት" አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ቃል የደረሰኝ ይኸው ነው።

ልጄ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ፣ ራዲዮ እከፍታለሁ፣ ደብተር አርማለሁ። ጦርነቱ የመጣው እንዲህ ባለሁበት ነው። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ከልጄ ጋር ለወራት ሳንገናኝ ቀረን። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ የማላውቀው ገበሬ አህያ እየነዳ ደጄ ላይ ቆመ። አህያዋ ላይ አንድ ጆንያና አንድ ቁርበት ተጭኗል፤ ከኋላ አማቴ በምርኩዝ ይከተላሉ። ሰውየው በተሰባበረ አማርኛ መንደሩ ባዶ መሆኑን፣ ሌላ የሚሄዱበት እንደሌላቸው ነገረኝ። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

የሁለታችን ኑሮ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ይከብደኛል። ጠዋት ጉልበታቸውን ስሜ "እማማ፣ እንዴት አደሩ?" እላለሁ፤ "ተመስገን" ይላሉ። ማዕድ ላይ "እማማ፣ ይብሉ" እላለሁ፤ "ብላ" ይሉኛል። ከዚያ እስከ ማታ ዝምታ ነው። አንድ ሰው ሞቶባቸው፣ አንዲቱን ሴት ሁለቱም እያሰቡ፣ ስለ እሷ አንድ ቃል መለዋወጥ የማይችሉ ሁለት ሰዎች ነበርን። አንዳንዴ እሳቸው ብቻቸውን ያወራሉ። እኔም አንዳንዴ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ ድምፅ ብቻ እንዲሰማ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከደጅ ስገባ አማቴ ግቢው መሐል ቆመው ጆሯቸውን ይዘዋል። ሲያዩኝ እየደጋገሙ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ ጆሯቸውን ይነካሉ፣ ወደ ሰማይ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ እንባቸው ይወርዳል። ጆሯቸውን የታመሙ መሰለኝ። ሮጬ ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ ጠርቼ መጣሁ፤ የአገሬው ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ አዳመጠቻቸው፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"አልታመሙም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ሆኑ?"

"'ልጄ በስልክ ስታናግረኝ ሁልጊዜ ነፋስ ይሰማኝ ነበር፤ የት ሆና ነበር የምታወራኝ?' ነው የሚሉት።"

ወደ ወይራው ሄድኩና ድንጋዩን በእጄ አሳየኋቸው። አማቴ ቀስ ብለው ሄደው ተቀመጡበት። ነርሷ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

በዚያው ማታ የሚስቴን ሣጥን ከፈትኩ። የአንደኛ ክፍል የኽምጥኛ መማሪያ መጽሐፏ ልብሶቿ ሥር ነበር፤ ገጾቹ ዳር ላይ በእርሳስ የጻፈቻቸው ማስታወሻዎች አሉ። በማግስቱ መጽሐፉን ይዤ ወጣሁና አማቴ ፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ቃል አነበብኩላቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝ። ደገምኩት። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ቃሉን እሳቸው አሉት፤ እኔ ከጉሮሮዬ ማውጣት ያቃተኝን ድምፅ ጣታቸውን አንገቴ ላይ አድርገው "ከዚህ" እንደማለት አሳዩኝ።

ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ውሃ፣ ድንጋይ፣ በግ ማለትን ተማረ። ብዙ ጊዜ ትዕግሥታቸው ያልቅና በምርኩዛቸው እግሬን ነካ ያደርጉኛል። ስድስት ሰባት ወር ከቆየን በኋላ፣ ስህተት በበዛበት አነጋገር፣ ለብዙ ቀን ስለማመደው የቆየሁትን ነገር ነገርኳቸው። ውጭ ሆነሽ አውሪ ያልኳት እኔ ነኝ አልኳቸው።

አማቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ የመለሱልኝን እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት፤ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

"አውቃለሁ። ነግራኛለች።"

ሌላስ ምን ነገረችዎ ብዬ ልጠይቃቸው ፈለግኩ። ያን ለመጠየቅ የሚያስችል ቋንቋ ግን ገና አልነበረኝም። በኋላ ሲኖረኝ ድፍረቱን አጣሁ።

ሰላም ሆነ፣ ስልክ ተመለሰ፤ የልጄን ድምፅ ስሰማ እንደ እብድ እየጮህኩ አማቴን ቀሰቀስኳቸው። ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ባሕር ዳር ሥራ ያዘች፤ እዚያው ትዳር መሠረተች። አማቴ ያረፉት አምና ነው፤ ጠዋት ከመቀስቀሴ በፊት፣ በእንቅልፋቸው። በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው። ከለቅሶው የገባኝ ግማሹ ነው፤ የቀረው ግማሽ አለፈኝ።

ልጄ በየእሑዱ እየደወለች "አባዬ፣ ና ከእኛ ጋር ኑር" ትለኛለች። ጡረታዬ ሲደርስ አስብበታለሁ እላታለሁ። ሄጄ አይቻለሁ፤ ጎጃምም ወንድሞቼ ጋ ሰንብቻለሁ። ሰው ሁሉ የምናገረውን ይሰማል፤ እኔ ግን የምናገረው አጣሁ። አሁን ሌላ አሥርት ዓመት ሊጀምር ጥቂት ነው የቀረው። ተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ አጎንብሰው ሲጻጻፉ አያለሁ፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም። የሚመጣው ምን እንደሚለውጥ ለመገመት አልሞክርም፤ ባለፉት ሁሉ ዘግይቼ የደረስኩ ሰው ነኝ።

ባለፈው የገበያ ቀን ማር ልገዛ ወጣሁ። አንድ ወጣት ነጭ ማር በእንስራ ይዞ ተቀምጧል። አጠገቡ ጎንበስ ብዬ የዘንድሮ እንደሆነ በኽምጥኛ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ ፊቴን አየ፣ ኮቴን አየ።

"የዘንድሮ ነው፣ ጋሼ። ይቅመሱት" አለኝ፣ በአማርኛ።

በጣቴ ቀመስኩ። ጥሩ እንደሆነ ነግሬው፣ ከየት መንደር እንዳመጣው አሁንም በኽምጥኛ ጠየቅኩት። በትህትና ፈገግ አለና፣ "ከጽጽቃ ወዲህ ነው፣ ጋሼ" ብሎ በአማርኛ መለሰልኝ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረ። ማሬን በላስቲክ አስቋጥሬ፣ ሰዉ በሁለቱም በኩል እየተንጫጫ፣ የመሐሉን መንገድ ይዤ ወደ ቤቴ ወጣሁ።