ኑርጃን ጋኑን ስታዳምጥ

ኑርጃን ጆሮዋን ያመነችው ገና በልጅነቷ ነው። ከእኅቷ ጋር ልብስ ሊያጥቡ ወንዝ ሲወርዱ፣ ጭንቅላቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ታዳምጥ ነበር። እኅቷ ወዲያ ራቅ ብላ ሁለት ድንጋይ ስታጋጭ፣ ከላይ እምብዛም የማይሰማው ድምፅ ከውሃው ውስጥ ጆሮዋ ሥር የተመታ ያህል ይደርሳታል። ትዳር ይዛ ማር መነገድ ስትጀምር ደግሞ ማር እንዲያ እንዳልሆነ አየች። ማር በሞላው እንስራ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ በወዲያኛው ጎን ብታንኳኳ፣ ድምፁ ማጥ እንደገባ እግር እዚያው ሰጥሞ ይቀራል። የኑግ ዘይት በመካከል ነው፤ እንደ ውሃ አይጠራ፣ እንደ ማርም ሰጥሞ አይቀርም።

ይህን ለማንም አልነገረችም፤ ማንስ ጠይቋት። ሥራዋ ብርዝ ማዘጋጀት ነበር። በመካነ ሰላም ዙሪያ ሰርግም ይሁን መውሊድ፣ ማሩን በውሃ በርዞ ሳይፈላ ለእንግዳ ማድረስ የእሷ ድርሻ ነው። ብርዝ ከፈላ ጠጅ ነው፤ ጠጅ ደግሞ ሐራም። መፍላት ሲጀምር ሆዱን ጥቃቅን አረፋ ይሞላዋል፤ አረፋው ድምፁን ይውጠዋል። እሷም ጋኑን በጣቷ አንጓ ቆርቆር አድርጋ ትሰማለች። ጥርት ካለ ይቀዳል፤ ከታፈነ አይቀዳም።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ በመስከረም፣ ሸህ ሷሊህ አገሩን ለረመዳን ማፍጠሪያ ጠሩ። ወትሮ ብርዙን የምትበርዘው ደጋሹ ቤት ሄዳ ነበር። ያን ጊዜ ግን የሸሁ ምንጭ በዝናብ ስለደፈረሰ፣ ከቤቷ በርዛ ሴቶቹ በእንስራ አዝለው ዳገቱን አወጡላት። ጋኑ ውስጥ ገለበጡት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኑርጃን ጎንበስ ብላ ቆረቆረችው።

ድፍን አለባት።

ጎረቤቷ በለጥሻቸው ከተማ ውስጥ ጠጅ ቤት ያላት ክርስቲያን ናት፤ እንስራ ልታግዛት መጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለቻት።

«ታፍኗል።»

«እሰይ። እኔ ቤት ይሂድ፤ ጠጪዎቼ ይመርቁሻል።»

«አትቀልጂብኝ፣ እታለም። ይሄ ሁሉ ሰው ጦሙን ውሎ በሐራም ላስፈታው ነው?»

«እንግዲያ ልቅመስልሽ፤ እኔ አልጦምኩም።»

«ያንቺ ምላስማ ጠጅ ለምዶ፣ ጠጁንም ብርዝ ነው ይለኛል።»

በለጥሻቸው ሳቀች። ኑርጃን ግን መሳቅ አቃታት። ቤት የቀረ ማር የለም። ሽታው እንደሆነ ገና አይለይም። ለሸሁ ነግራ ልታስደፋው ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ደግማ ሳትሰማው ማስደፋቱ አልዋጥ አላት። ተመልሳ ቆረቆረች። ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሏል።

ተቀመጠች። ቆየት ብላ ደገመች፤ አሁንም ጨመረ።

«የሚፈላ ቢሆን አይጠራም ነበር» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «አረፋው እየተተካ ያፍነዋል እንጂ። ይሄ ዳገቱ ላይ ተንጦ፣ ስንገለብጠው ነፋስ ጠጥቶ ነው። እየተነፈሰ ነው።»

«ጋን ሲተነፍስ የሰማሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ዝም በይና ልስማበት።»

ጀንበሯ ልትጠልቅ ስትል ጋኑ እንደ ወትሮው ጥርት አለላት። ያም ሆኖ ልቧ ሙሉ በሙሉ አላረፈም። አዛን እንደተባለ፣ ለሽማግሌዎቹ ሳይቀዳ፣ ራሷ በዋንጫ ቀድታ ከጋኑ ኋላ ቆማ ተጎነጨች።

ሸሁ አይተዋት ኖሯል። «ኑርጃን፣ ዛሬ ሽማግሌ ቀደምሽ?»

በሐፍረት አንገቷን ደፋች። «ለእናንተው ብዬ ነው፣ ሸህዬ።»

«እና፣ ምን አለሽ?»

«ብርዝ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ፊቷም በራ።

«አይ፣ ከሰርኩ» አለች በለጥሻቸው፤ ዋንጫዋንም ዘረጋች።