በንዴት የተለካ ቀሚስ

የልብስ ሰፊው ልጅ የቤት ስሟ ፊኛ ነው። ስትናደድ ትንፋሿን ይዛ ጉንጯንም ሆዷንም ስለምትነፋ አባቷ ያወጣላት ስም ነው። ከቤት ሰው ሌላ ይህን የምታውቀው አንዲት የልብ ጓደኛዋ ብቻ ነበረች። እሷም አፏ አላርፍ ብሎ ለክፍሉ ሁሉ ዘከዘከችው። ከዚያ ወዲህ ፊኛ እጇን ባወጣች ቁጥር ከኋላ አንዱ «ጧ!» ይላል፤ መምህሩ ሳይቀሩ ሳቃቸውን በሳል ይደብቃሉ። እንዲህ ያለችውን ጓደኛ ነው እንግዲህ የቤት ሰዎች ይቅር በያት የሚሏት።

በቁስል ላይ እንጨት ሆኖ ደግሞ የጓደኛዋ እናት ለልጇ የልደት ቀሚስ አዘዘች። ሁለቱ ልጆች በቁመትም በወገብም እኩል ስለሆኑ፣ አባት እንደ ልማዱ የራሱን ልጅ በርጩማ ላይ አቆማት።

«ለሷ ብዬ አልለካም።»

«ቀሚሱ ምን አደረገሽ የኔ እመቤት? ቀጥ በይ።»

ቀጥ አለች። ግን አንጀቷ እርር ብሎ ስለነበር ሆዷን ነፋች። አባት አፉን በስፒል ሞልቶ ሜትሩን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ወገቡን በዚያው ልክ ቆርጦ ሰፋው። እሰይ፣ ትልበሰውና መሳቂያ ትሁን አለች በልቧ።

ቅዳሜ ጓደኛዋ ከእናቷ ጋር መጥታ ለበሰችው። ወገቡ ሌላ ልጅ ያስገባል።

«ምነው ጋሼ፣ ዓይንዎ ደከመ እንዴ?» አለች እናትየዋ ጨርቁን ጨብጣ።

አባት መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። በስፌቱ ማንም አፍ አውጥቶበት አያውቅም። ፊኛ ደግሞ ማሳፈር የፈለገችው ጓደኛዋን እንጂ አባቷን አልነበረም።

ጓደኛዋ የቀሚሱን ወገብ አየች፣ ቀጥላ የፊኛን ሆድ አየች። ገባት። አሁን ይህንንም ትዘከዝከዋለች ብላ ፊኛ ጥርሷን ነከሰች።

«እኔ ነኝ ሰፊ ይሁን ያልኩት» አለች ጓደኛዋ። «ስሮጥ እንዳይይዘኝ።»

ይህ ደግሞ ፊኛን ይብስ አናደዳት። አፈ ቀላሏ ልጅ በደግነት ልትበልጣት?

«ውሸቷን ነው አባዬ! ሆዴን ነፍቼ ነው የተለካሁት!»

አባት ቀሚሱን ከጓደኛዋ አስወልቆ ፊኛ እቅፍ ላይ ጣለው።

«ፍቺው።»

ፊኛ ስፌቱን መተርተር ጀመረች። ጓደኛዋ ሳትጠራ መጥታ የጨርቁን ሌላ ጫፍ ያዘችላት።

«አሁንም አኩርፌሻለሁ» አለች ፊኛ።

«አውቃለሁ። ሆድሽ ይታያል።»