ምስር የምታክል ፀሐይ

የያዙኝ ከትምህርት ቤት ስወጣ ነው፤ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ሰው የተደገፈበት ቦታ ሁሉ በወዝ ጠቁሯል። ከጥግ «አንቺም መጣሽ?» አለችኝ፣ የፊዚክስ አስተማሪያችን። ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ናት፤ የያዟት ተማሪ አነሳስታለች ብለው ነው።

አመሻሽ ላይ ለሽንት ያወጡናል። ታኅሣሥ ነበር፣ የአሰላ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ከጭላሎ ተራራ በላይ አንድ ቀይ ኮከብ ወጥቷል። ቲቸር በአገጯ ጠቆመችን።

«ግዙፍ ነው» አለች ስንመለስ። «ከፀሐይ ግን ይቀዘቅዛል፤ የቀላውም ለዚህ ነው። አንዴ ያብጣል፣ አንዴ ይኮማተራል። ብርሃኑም ይደምቃል፣ ይፈዛል።»

«ያ ረቢ! ካበጠማ ታሟል» አሉ አዴ የምንላቸው አሮጊት፣ ከገበያ የተያዙት የሮቤ እህል ነጋዴ።

«አርጅቷል አዴ። ነዳጁን እየጨረሰ ነው።»

«እንደኔ በያ!»

«ምን ያክላል?» ብዬ ነዘነዝኳት። አዴ ኪሳቸው ውስጥ የቀረች አንዲት የምስር ፍሬ ሰጧት።

«ፀሐይ ይቺን ብታክል፣ ኮከቡ ይህን ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሞላዋል።»

ሁላችንም ግድግዳውን አየን። ምስሯን እኔ ወሰድኳት።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ።

«ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ ነሽ አይደል? ሴትዮዋ የምትሰብካችሁን ጻፊና ዛሬውኑ ውጪ።»

መውጣት ፈልጌ ነበር። አልዋሽም፣ እስክሪብቶውን አንስቻለሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

«የምታወራን ስለ ኮከብ ነው።»

«ትቀልጂብኛለሽ?»

ምስሯን ባዶው ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። «ይቺ ፀሐይ ናት። ኮከቡ ይህን ቢሮ ያክላል። ያስተማረችን ይኼን ነው።»

በጣቱ ፈንጥሮ ጣላት። ከዚያ የሆነውን አልጽፍም፤ ጆሮዬ ለቀናት ይጮህ ነበር። ስወጣ ግን ጎንበስ ብዬ ምስሯን ከወለሉ ለቀምኳት።

ለቲቸር ያልኩትን ነገርኳት። ጉንጬን በእጇ ዳሰሰችው። «ከፀሐይ እንደሚቀዘቅዝስ ነገርሽው?» አለች።

«ረሳሁት።»

«ግማሽ ማርክ ተቀንሶብሻል።»

አዴ እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንድ ቀን ጠዋት ቲቸርን ጠርተው ወሰዷት። እኔ ከወራት በኋላ ወጣሁ፤ ማትሪኩ አልፎኛል። የት እንዳለች እስካሁን የነገረን የለም። ታኅሣሥ ሲመጣ ግቢ ወጥቼ ወደ ጭላሎ አያለሁ። ዘንድሮ ኮከቡ ፈዝዟል። ይፈዛል፣ ይደምቃል ብላ አስተምራኛለች፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ያሰጋኛል።

ምስሯ አለች፤ አልተዘራችም፣ አልተቀቀለችም። ቲቸር ስትመጣ ግማሽ ማርኬን እጠይቃታለሁ።