አንድ ሲጠራ

የዚያች ትንሽ ከተማ ፖሊሶች በሬዲዮ ሲጠራሩ ስም አያነሱም፤ በቁጥር ነው። አንድ አዛዡ ነው፣ ሁለት ምክትሉ፣ ከዚያ በታች እያንዳንዱ መኪና የራሱ ቁጥር አለው። እሷ የሥራ ዘመኗን እኩሌታ ሁለት ሆና ኖራ ዘንድሮ አንድ ሆነች። ሆነች ይባል እንጂ ሬዲዮው «አንድ፣ አንድ» ሲል ጆሮዋ አይቆምም ነበር። እንዴት ይቁም? ከእሷ ቀድሞ የሚመልስ ሌላ አንድ አለ።

ሌላው አንድ ጋሼ ናቸው፣ የቀድሞው አዛዥ። ጡረታቸው ሚስታቸውን በቀበሩ ሰሞን ስለደረሰ፣ ሽኝት ምናምን አልፈልግም ብለው የቢሮውን ቁልፍና ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ውልቅ አሉ። የእጅ ሬዲዮውን ግን ወገባቸው ላይ እንደሰኩት ወጡ። ረስተው ነው ብሎ የሚያምን ቂል የለም፤ ይመልሱ ብሎ የሚጠይቅ ጀግናም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ቤታቸው ውስጥ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ይዘውት ይዞራሉ። የሬዲዮ ክፍሏ ሴትዮ አዛዡን በጠራች ቁጥር፣ አዲሷ አዛዥ አፏን ሳትከፍት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉና «አንድ፣ እሰማለሁ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጣቢያው ሁሉ ሳቀ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ተባለ። እውነቱን ለመናገር እሷም ቅር አላላትም። እሳቸው ካሉ ጥፋቱ ሁሉ በእሷ አይመጣም።

ደግሞስ በየት አፏ ይስጡኝ ትላለች? በፖሊስ ቤት ሰው ከታች ተነስቶ ነው ላይ የሚደርሰው፤ እሷን ደግሞ እጇን ይዘው ያወጧት እሳቸው ናቸው። ራሳቸው የጀመሩት የፖሊስ መኪና በማጠብ ነበር፤ ከዚያ ሾፌር፣ ከዚያ ትራፊክ፣ ከዚያ አቤቱታ መቀበያ፣ ከዚያ ምርመራ። እሷ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትመደብ የትራፊክ ኃላፊ ነበሩ። ያን ጊዜ ፊሽካው ከአፏ አይለይም፤ የአውቶቡስ ሾፌሮች አደነቆረችን ብለው ፊሽካ የሚል ስም አወጡላት። ጋሼ አንድ ቀን መጥተው ፊሽካውን ተቀበሏትና ኪሳቸው ከተቱት፤ በእጅሽና በዓይንሽ አቁሚያቸው አሏት። አለቀሰች። ብዙም ሳይቆይ ግን ትልቁን ከባድ መኪና በዓይኗ ብቻ ታቆመው ጀመር።

ወደ አቤቱታ መቀበያ ሲያዛውሯት ደግሞ ቅጣት መስሏት አኮረፈች። የሰው ብሶት ቁጭ ብሎ ያልሰማ በዚህ ቤት አዛዥ አይሆንም አሏት። አዛዥ የሚለውን ቃል ከእሷ ጋር አያይዞ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው፤ ማታ ለባሏ ነግራው ሁለቱም በሳቅ ሞቱ። ልጅ ወልዳ የምርመራ ክፍል ተረኛ ስትሆን፣ ልጅ ይዘሽ እንዴት ትችዪዋለሽ ያላት ብዙ ነው። ጋሼ ቤታቸውን ከፈቱላት፤ ሚስታቸው በር ላይ ቆመው ሕፃኗን ተቀበሏት። ልጅቷ ዳዴ ያለችው በጋሼ ሳሎን ውስጥ ነው። እንግዲህ እዚህ ቤት ሄዶ የያዙትን መቀማት ቀላል ነው?

ብቻ ነገሩ በሳቅ አላለቀም። አንድ ከሰዓት በኋላ የአንድ አናጢ ሥራ ቤት ተቃጠለ። የሬዲዮ ክፍሏ ሴትዮ መኪኖቹን በየት በኩል ልላክ ብላ አንድን ስትጠይቅ፣ ጋሼ ከጓዳቸው ሆነው በታችኛው መንገድ አሉ። የታችኛው መንገድ ያን ዕለት ጠዋት ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሯል፤ ከቤት የማይወጣ ሰው ይህን በምን ይወቅ? እሷ በላይኛው፣ በላይኛው እያለች ጮኸች። ሬዲዮ ላይ ግን ሁለት ሰው እኩል ሲናገር የማንም አይሰማም፤ ጩኸት ብቻ ነው የሚወጣው። የፖሊሱ መኪና የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደርሶ ቆመ፣ የእሳት አደጋው መኪናም ከኋላው ተገተረ። ይሄኔ አንድ ወጣት ፖሊስ ዘሎ ወርዶ በእግሩ ሮጠና አናጢውን ከእሳት ውስጥ ጎትቶ አወጣው። አናጢው ተረፈ፤ የፖሊሱ ሁለት ክንድ ግን ተቃጠለ።

አዛዧ ሐኪም ቤት ስትደርስ የወጣቱ እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። በተቆፈረ መንገድ ሂዱ ብሎ ያዘዘው ማን እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጠችው።

«አዛዡ እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች። ከተሾመች ወዲህ ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና ነበር፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋባት። ፊታቸው አመድ መስሏል። የሆነውን ሁሉ በሬዲዮው ሰምተውታል።

ልጁ እንዴት ነው አሉ። ይድናል፣ ግን ጊዜ ይፈጃል አለች። መንገዱ መቆፈሩን አላወቅኩም አሉ። አውቃለሁ አለች። እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ሬዲዮውን ይስጡኝ።»

ከወገባቸው ነቀሉት፤ ግን አልሰጧትም። ጨብጠውት ቆዩ።

«ልጄ፣ እሷ ከሞተች ወዲህ፣ ይሄ ካልጮኸ አለመኖሯ ነው የሚሰማኝ» አሉ።

እጇን ልትመልስ ምንም አልቀራትም። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እናት ትዝ አሏትና እጇን እንደዘረጋች ቆመች፤ እንባዋ ግን ወረደ። ጋሼ አዩዋት። ሬዲዮውን አጠፉና መዳፏ ላይ አኖሩት። ቤቱ እውነትም ጭር አለ።

ትንሽ ቆይቶ ከእሷ ወገብ «አንድ፣ አንድ» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እሷም እንደልማዷ እሳቸው እስኪመልሱ ጠበቀች። ሬዲዮው ደግሞ ተጣራ።

«አንቺን እኮ ነው የሚጠሩት» አሏት ቀስ ብለው።

አነሳችው። «አንድ፣ እሰማለሁ።»

የሬዲዮ ክፍሏ ሴትዮ ይህን ድምፅ በዚህ ቁጥር ሰምታው አታውቅም። ቢሆንም እንደ ደንቡ፣ ያሉበትን ቦታ ያሳውቁ አለች። በየመኪናው ያለ ፖሊስ ሁሉ እየሰማ ነው። እሷ ወደ ጋሼ ዞረች፤ ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆመዋል።

«አባቴ ቤት ነኝ» አለች። «ትንሽ እቆያለሁ።»